ሁለተኛው ቴክ

ወይዘሮ ሃረገወይንን እሺ ለማሰኘት ብርነሽ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። ሁለቱም የሚኖሩት ቦሌ ቡልቡላ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ነው፤ ወይዘሮዋ ሁለተኛ ፎቅ፣ ብርነሽ አራተኛ። የተዋወቁት ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ይዘው ታች ሲሰለፉ ነው። ሴትዮዋ ሰላምታቸው ረጅም፣ ወሬያቸው አጭር ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሃይለኣብ በጦርነቱ ጊዜ መቀሌ እንደቀረና እስከ ዛሬ ወሬው እንዳልተሰማ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ከእሳቸው አፍ ግን የሰማ የለም።

ብርነሽ ቦሌ መንገድ ላይ፣ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ ፍሎር ማናጀር ናት። ዳይሬክተሩ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ በጆሮዋ የሚነግራትን እየሰማች፣ ስቱዲዮ ውስጥ ከካሜራዎቹ ሥር ቆማ ለአቅራቢዋና ለእንግዳው በእጇ ታስተላልፋለች። ጀምሩ፣ አሳጥሩ፣ ጨርሱ፣ ሁሉም በእጅ ነው። ስምንት ዓመት ሠርታበታለች። መብራቱ ስለሚያጥበረብር እንግዶች ከእሷ በቀር ሰው አይታያቸውም፤ ሲጨንቃቸው ዓይናቸው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

«እማማ ሃረጉ፣ ስንት ሰው ነው የሚያየው መሰለዎት» አለቻቸው አንድ ቀን ደረጃው ላይ። «ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‹ይሄን ልጅ አይቼዋለሁ› ቢልስ?»

«እኔ ካሜራ ፊት ምን አውቃለሁ፣ ጓለይ? አፌ ይተሳሰራል።» ብርነሽን «ጓለይ» ነበር የሚሏት፣ ልጄ ለማለት።

«እኔ እዚያው ፊትዎ ነኝ። ደግሞ ቀጥታ ሥርጭት አይደለም፣ ቀረጻ ነው። የተሳሳቱት፣ ወይም ይቅርብኝ የሚሉት ነገር ካለ ኤዲቲንግ ላይ ይወጣል። ጎመን ሲለቀም የተበላሸው ቅጠል እንደሚጣለው ይበሉት።»

«ማን ነው የሚለቅመው?»

«እኛው ነን። እኔ አለሁ።»

ሴትዮዋን ያመጣቻቸው ይቺ «እኔ አለሁ» ናት።

ነገሩን ያልወደደችው ሴት ልጃቸው ሄርሞን ነበረች። ሄርሞን ጉርድ ሾላ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ፈጣን፣ ቁርጥ ያለች ልጅ ናት። ወንድሟን ፍለጋ ያልረገጠችው ቢሮ፣ ያልጠየቀችው ሰው የለም። ጦርነቱ ሲቆም መቀሌ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ከሁለተኛው ጉዞ ስትመለስ ፎቶውን ከሳሎኑ ግድግዳ አወረደችና «አደይ፣ በሕይወት ቢኖር በሆነ መንገድ ይደውል ነበር» አለች። ፍለጋው በዚህ አበቃ። እናቷ አልተከራከሯትም፤ ፎቶውን ብቻ ተቀብለው በነጠላ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ይህን ለብርነሽ ያወራቻት ራሷ ሄርሞን ናት።

«እሺ ትቅረብ» አለች በመጨረሻ። «ከሥራ ስወጣ እመጣና አብሬያት እመለሳለሁ።»

የቀረጻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ወይዘሮ ሃረገወይን ግራጫ ሻሽ አስረው፣ ጥለቱ የደበዘዘ ነጠላቸውን ደርበው መጡ። የድምፅ ባለሙያው ተስፋልደት ትንሿን ማይክ ደረታቸው ላይ ሰክቶ ማስተላለፊያዋን ወገባቸው ላይ አሰረላቸው። ብርነሽ አጠገባቸው ተቀምጣ የስቱዲዮውን ቋንቋ አስተማረቻቸው።

«‹ስታንድ ባይ› ስል ተዘጋጁ ማለት ነው፤ ሳል እንኳን የለም። ከዚያ በጣቴ እቆጥራለሁ። ካሜራው ራስ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ስትበራ እየተቀረጽን ነው። ‹ካት› ከተባለ አለቀ፣ ይተንፍሱ።»

«ካት» አሉ ወይዘሮዋ ቃሉን እየቀመሱ። «እሱን የሚለው ማነው?»

«ዳይሬክተሩ ነው፣ ደጀኔ ይባላል። እሱ በጆሮዬ ይለኛል፣ እኔ ጮክ ብዬ እላለሁ።»

«እንግዲያው የምትዪው አንቺ ነሽ» አሉና ትንሽ ቀለል አላቸው።

ሊጀመር ሲል መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈለጉ። ብርነሽ ይዛቸው ወጣች፤ በመንገድም እጇን ወገባቸው ላይ ሰድዳ የማይኩን ማስተላለፊያ አጠፋችው። የሴትዮዋ ገመና መቆጣጠሪያ ክፍል ላሉት ወንዶች እንዳይሰማ ብላ ነው። ሲመለሱ ግን ደጀኔ በጆሮዋ ይጮህ ጀመር፤ ስቱዲዮውን የያዝነው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፣ ምን ሆናችሁ፣ አቅራቢዋ ዳናይት ተቀምጣ ቀርታለች። ብርነሽ ሴትዮዋን አስቀመጠች፣ ነጠላቸውን አስተካከለች፣ ወደ ቦታዋ ሮጠች። ማይኩን መልሳ አልከፈተችውም።

ወይዘሮ ሃረገወይን መጀመሪያ ላይ ቃላቸው ይቆራረጥ ነበር። ዳናይት አታጣድፍም፤ ሰው ማናገር ታውቅበታለች። ስለ ልጅነቱ፣ ሬዲዮ ፈታትቶ ሳይገጥም ስለሚተወው ሃይለኣብ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ሳቅ አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የታሰረ ነገር እንደተፈታ ሁሉ፣ ቀጠሉ።

«ጉርድ ሾላ፣ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ጊዜው ያ ክፉ ጊዜ ነው፤ ወደ ሰሜን ስልክ ከተቋረጠ ስምንተኛ ወሩ። ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ልቤ ነገረኝ፣ እሱ ነው አለኝ። ግን ባነሳው በምን ቋንቋ ላወራው ነው? ልጄን በአማርኛ አናግሬው አላውቅም። ያን ጊዜ ደግሞ ትግርኛ ከተናገርሽ ታክሲው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያይሽ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኬን አየ፣ እኔን አየ። ፈራሁ። ድምፁን አጠፋሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ጊዜ ደወለ። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። መስመሩ ለአፍታ ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፤ ወርጄ መልሼ ብደውል አይሠራም።»

ዳናይት ጥያቄ የተጻፈበትን ወረቀት አስቀመጠች።

«ጦርነቱ ሲያበቃ ቁጥሩ ሠራ። አንዲት ሴት አነሳች። ‹አንድ ልጅ ለእናቴ ልደውል ብሎ ስልኬን ተውሶኝ ነበር› አለችኝ። ‹እምቢ ሲለው፣ ሥራ ላይ ሆና ነው ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።› ወዴት እንደሄደ አታውቅም። ሥራ ላይ ሆና ነው አለ፣ ልጄ። እኔ ሥራ ላይ አልነበርኩም።»

ካሜራ ሁለት ላይ የቆመው ሰው በክንዱ ፊቱን ጠረገ። ብርነሽም እንባዋ ይወርድ ነበር። ወይዘሮዋ ሲጨርሱ ዳናይትን ትተው ወደ እሷ ዞሩ። «ስለ ስልኩ ያልኩትን ግን ልቀሚልኝ፣ ጓለይ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሄርሞን እንዳትሰማ።»

ብርነሽ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ካት» አለች፤ ሴትዮዋም ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ፤ ከባድ ሸክም አውርዶ ዳገት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበሩ።

ጥቂት ቆይቶ ተስፋልደት ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀረጻው ሲጀመር ለሌላ ክፍል ገመድ ሊያቀብል ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ በዳናይት ማይክ በኩል የሚመጣውን የሩቅ ድምፅ ሰምቶ፣ ሴትዮዋ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው ብሎ አለፈው። በኋላም ታሪኩ ራሱ ይዞት ሄደ።

«የእሳቸው ድምፅ የለም» አለ። «ማይኩ ጠፍቷል።»

ብርነሽ የሴትዮዋን ወገብ ዳሰሰች። ማብሪያዋ ራሷ ባደረገቻት ቦታ ላይ ነበረች።

ደጀኔ በጆሮዋ ተሳደበ፤ ከዚያ ድምፁ የሥራ ድምፅ ሆነ። «ቴክ ቱ። ከመጀመሪያው እንደግመዋለን። ብርነሽ፣ ንገሪያት። ብርጭቆው ይሞላ፣ ሶፍቱ ይነሳ፣ ፊቷን ፓውደር ያስነኩት። ኮንቲኒዩቲ!» ኮንቲኒዩቲ የሚሉት፣ ሁለተኛው ቀረጻ ከመጀመሪያው ጋር ተቀጥሎ ሲታይ ምንም እንዳልተቋረጠ እንዲመስል ማድረግ ነው። ጎደል ያለው ውሃ ሞላ። በእንባ የረጠበው ሶፍት ተነሳ። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ የሴትዮዋን ፊት አደራረቀች፤ ያላለቀሰ ፊት እስኪመስል ድረስ።

«እንደገና?» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። «ሁሉንም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ ሃረጉ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«ስልኩንም?»

«እሱን ይተዉት። ጭራሽ አያንሱት።» ብርነሽ ይህን ስትል እንዲያውም ቀለላት፤ ክፉ አጋጣሚ የገባችውን ቃል የሚያስጠብቅላት መሰላት። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋር የምትነጋገርበት የራሷ ማይክ ክፍት መሆኑን የረሳችው ለዚህ ነው።

«ምን ማለትሽ ነው ይተዉት?» አለ ደጀኔ በጆሮዋ። «ፕሮግራሙ እኮ እሱ ነው። ተይው፣ ለዳናይት እኔ እነግራታለሁ።»

በዚህ መሃል ሄርሞን ደረሰች። የፋርማሲ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው የመጣችው፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ አስገብቷት ከካሜራ ሦስት ኋላ ጨለማው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ በመብራቱ ምክንያት አላዩዋትም። ብርነሽ ግን አየቻት። ሄዳ እጇን ይዛ ማስወጣት ነበረባት፤ ሁለት እርምጃም ተራምዳ ነበር። «ስታንድ ባይ» አለ ደጀኔ። እግሮቿ ለስምንት ዓመት የለመዱትን አደረጉ፤ ተመለሱ። «ስታንድ ባይ!» አለች ጮክ ብላ፣ እጇንም አንስታ በጣቷ ቆጠረች። አምስት፣ አራት፣ ሦስት።

ሁለተኛው ቀረጻ እንደ ቀዘቀዘ ወጥ ነበር። ወይዘሮዋ ቅድም ያሉትን ሁሉ አሉ፤ ሬዲዮውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የተቋረጠውን መስመር። ግን ከወረቀት የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ታክሲው ጋ ሲደርሱ ዘለሉት። ዳናይት ጆሮዋ ውስጥ የሚባለውን ለመስማት ጣቷን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጠየቀች።

«እማማ፣ ቅድም አንድ ነገር ነግረውን ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆነው፣ ሃይለኣብ ሦስት ጊዜ ሲደውልልዎ...»

ወይዘሮ ሃረገወይን የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር።

«ዝም በሏት፣ ጊዜ ስጧት» አለ ደጀኔ። «ካሜራ ሁለት፣ ክሎዝ አፕ። ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርገው። ዓይኗን ብቻ።»

ከጨለማው ውስጥ ወንበር ተንኳኳ። «ደዊሉ ነይሩ?» አለች ሄርሞን በትግርኛ። ከዚያ፣ አልሰማ ያሏት መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ በአማርኛ ደገመችው። «አደይ፣ ደውሎ ነበር?»

እናትዮዋ በመብራቱ ውስጥ ዓይናቸውን አጥብበው የልጃቸውን ድምፅ ፈለጉ።

«ልጅቷ ናት? ልጅቷ ናት!» ደጀኔ ይጮህ ጀመር። «ካሜራ ሦስት፣ ዙር፣ ያዛት! ማንም እንዳይነካ። ብርነሽ፣ ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።»

«እኔ እኮ መፈለግ ያቆምኩት አልደወለም ብዬ ነው!» ሄርሞን ወደ ብርሃኑ ገብታ ነበር። «ፎቶውን ያወረድኩት አልደወለም ብዬ ነው! ሞቷል ያልኩት... አደይ፣ እያወቅሽ? ሳወርደው ቆመሽ እያየሽኝ?»

«ፈራሁ» አሉ እናቷ።

«እኔን ነው የፈራሽው?»

እናትዮዋ ወደ ብርነሽ ዞሩ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለታላቅ ሰው አቤት እንደሚባለው ዝቅ ብለው፣ «ካት በይ፣ ጓለይ» አሉ። ቀይ መብራቷ እንደበራች ነው። «በእግዚአብሔር፣ ካት በይ።»

ቃሉ ብርነሽ ምላስ ላይ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ በቀን አርባ ጊዜ የምትላት። ብትለው ካሜራዎቹ ሁሉ ወዲያው ዝቅ ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ደጀኔ ቢጮህ የሚመልሰው የለም። በጆሮዋ ግን «አሪፍ ነው፣ ያዙት፣ ያዙት» ይባላል። ቆመች። ሴትዮዋ እያዩዋት፣ እሷም እያየቻቸው፣ ሄርሞን በሩን በርግዳ እስክትወጣና ደጀኔ ራሱ በቃ እስኪል ድረስ ቆመች።

ደጀኔ እያጨበጨበ ከመቆጣጠሪያ ክፍል መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው አለ። ብርነሽ ኮሪደሩ ላይ ይዛ ለመነችው፤ ስለ ስልኩ የተባለው ይውጣ፣ የልጅቷም ይውጣ፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ አለችው።

«ማን ነሽና ነው ቃል የምትገቢው?» አለ። የተቆጣ እንኳን አይመስልም፤ በእውነት የገረመው ይመስላል። «ሴትዮዋ ልጇ እንዲገኝላት አይደል የመጣችው? ሰው ካላየው ማን ያገኘዋል? ፎቶውንና ስልክ ቁጥሯን እናወጣለን፣ አታስቢ።»

ሐሙስ ዕለት ማስታወቂያው ወጣ። ፕሮሞ ነው የሚሉት፤ ከፕሮግራሙ ተቀንጭቦ ሰው እንዲጓጓ የሚለቀቅ ሠላሳ ሰከንድ። ውስጡ የሃይለኣብ ስም እንኳን አልነበረም። ሄርሞን ስትጮህ ነበር፤ እናትዮዋም «ካት በይ፣ ጓለይ» ሲሉ። እሑድ ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ፎቶውና ቁጥሩ መጨረሻ ላይ፣ የሠራተኞች ስም ዝርዝር በሚያልፍበት ቦታ፣ ጥግ ላይ ታይቶ ጠፋ። በሳምንቱ ወጣቶች ሻሽ እያሰሩ «ካት በይ» እያሉ ቲክቶክ ላይ ይቀልዱበት ጀመር። ለወይዘሮዋ ብዙ ስልክ ተደወለላቸው። አንዳንዱ አጽናናቸው፣ አንዳንዱ አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ አላቸው፣ አንዱ ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪ በመሆናቸው ሰደባቸው። ሁሉንም አነሱ። ሳያነሱት ያለፉት አንድም ስልክ የለም። ሃይለኣብን አየሁት ያለ ግን አልተገኘም።

ሄርሞን ያን ቅዳሜ ወደ ቡልቡላ አልተመለሰችም። ጉርድ ሾላ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ትኖራለች ተባለ። ልብሷን ሰው ልካ አስወሰደች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብርነሽ ፋርማሲው ድረስ ሄደች። ሄርሞን ከመስታወቱ ኋላ ቆማ አየቻትና «ማዘዣ ይዘሻል?» አለቻት፣ ለማንኛውም ደንበኛ በሚባልበት ድምፅ።

«ሄርሞን፣ እናትሽ አይበሉም። ደረጃው ላይ ነው የሚውሉት። እኔን ጥዪኝ፣ እሳቸውን ግን...»

«እሷን ይቅር እላት ይሆናል። መቼ እንደሆነ አላውቅም።» ሄርሞን መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርቶኖች ማስተካከል ጀመረች። «ፈርታ ነው። እኔም ያኔ ታክሲ ውስጥ ስሜን ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ ስም ነበር የምናገረው። ስለዚህ ይገባኛል። አንቺስ? አንቺ ምን ፈርተሽ ነው?»

እንጀራዬን፣ ልትል ነበር ብርነሽ።

«እሁድ ትመጪያለሽ ልበላቸው?» አለች በመጨረሻ።

«አትበያት» አለች ሄርሞን፤ ከኋላ የቆመውን ሰው ማዘዣ ለመቀበልም እጇን ዘረጋች።

ቡልቡላ ስትደርስ ወይዘሮ ሃረገወይን ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የት እንደሄደች ሳትነግራቸው ያወቁ ይመስላሉ። የእጃቸው ቆዳ ሳስቶ፣ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ይዞር ነበር።

«አገኘሻት?»

«አገኘኋት።»

«ምን አለችሽ?»

ብርነሽ መንገዱን በሙሉ ለዚህ ጥያቄ እውነቱን ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። ፊታቸውን ስታይ ግን የወጣው ሌላ ነው። «እሁድ እመጣለሁ ብላለች።»

ሴትዮዋ ተነሡ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሲነሡ ግድግዳ ሳይደገፉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «እሁድ» አሉ። «እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ጓለይ።» ጉንጯን ሳሟት፤ ሦስት ጊዜ።

እሁድ ቅዳሴ እንዳለቀ ከሰው ሁሉ ቀድመው ተመለሱ። ብርነሽ ከመስኮቷ ሆና አየቻቸው፤ በአንድ እጃቸው ሙዝ፣ በሌላው ሁለት አምቦ ውሃ አንጠልጥለዋል። ቤታቸውን ወለወሉ፤ የአጃክስ ሽታ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ምንጣፉን በረንዳው ላይ አራገፉ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በራቸው ገርበብ ብሎ ተከፈተ፤ ደረጃው ላይ እግር በተሰማ ቁጥርም ወለል ይላል።

ብርነሽ ሁለት ጊዜ ልትነግራቸው ወረደች። ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሳ ተመለሰች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሴት ጫማ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲወጣ ተሰማ። «ሄርሞን?» አሉ ወይዘሮዋ፣ ድምፃቸው እንደ ወጣት ልጅ ቀጥኖ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ነበረች። «እኔ ነኝ እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አለቻቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፤ የቤተሰቧን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቋት፤ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አደረሱት። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያውም ሲገባ ተሰማ።

ብርነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁንም መሄድ ትችላለች። ሄዳ፣ አንኳኩታ፣ ዋሽቼዎት ነው ልትላቸው ትችላለች። ሴትዮዋ ደግሞ በር ከፍተው ገብተሽ ሙዝ ብዪ እንደሚሏት ታውቃለች፤ ያንን ነው ያልቻለችው።

ሰኞ ጧት ሥራ ስትወጣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር ሁለተኛ ፎቅን ያለፈችው።